ቦቴ የሚጠብቁ ላሞች፦ በአዳማ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 9

ዛሬ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለአንድ የወተት ማኅበር ነው። አባላቱ ከአዳማ ወደ አዋሽ መልካሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ውሃ የሚገዙት ከቦቴ ነው። ቦቴው ሲዘገይ ላሞቹ ይጮኻሉ፤ ሲቀር ወተቱ ይቀንሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘብ አዋጥተው ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር። ቦታውን የመረጠው ቆፋሪው ራሱ ነው፤ የመረጠበት ምክንያት ደግሞ መኪናው ያለ ችግር ገብቶ የሚዞርበት ሜዳ መሆኑ ነው። ጉድጓዱ ደረቅ ወጣ። «ገንዘቤ ጉድጓድ ገባ» የሚለውን አባባል እነርሱ በደረሰኝ ነው የሚያውቁት።

ለሁለተኛ ጊዜ ከመቆፈራቸው በፊት የጠየቁኝ ቀላል ጥያቄ ነው፦ «ውሃው የት ነው ያለው?» እኔ የምሠራው የሳተላይት ምስልና የጂ.አይ.ኤስ. (የመልክዓ ምድር መረጃን በኮምፒውተር የሚያደራጅ ሥርዓት) ካርታ ግን «የት ሊኖር ይችላል» ለሚለው እንጂ «የት አለ» ለሚለው አይመልስም። ይህንን ለማኅበሩ ሰብሳቢ ነገርኳቸው። «ግድ የለም፣ ካለፈው ይሻላል» አሉኝ። ካለፈው መሻል እንኳ አይከብድም።

የእኅቴ ልጅ አብራኝ ትሠራለች። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ኮምፒውተሩን እርሷ ትይዛለች፣ ድንጋዩን እኔ።

ኅዳር 14

የመጀመሪያዎቹን መረጃዎች አወረድን። ለመሬት ከፍታ የተጠቀምነው ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በ11 ቀን በረራ በራዳር የለካችውን ነው። እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ካሬ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፣ ክፍያም የለውም። ለመሬት ሽፋን የላንድሳት 8 ምስል መረጥን፤ በሳተላይቱ አቆጣጠር አዳማ የምትገኘው በመንገድ 168፣ ረድፍ 54 ላይ ነው። በየ16 ቀኑ ስለሚመለስ ደመና የሌለበትን ቀን መርጦ መውሰድ ይቻላል። ያለፈውን ዓመት የጥር ምስል ወሰድን። በጥር አዝመራው ተሰብስቧል፣ ሣሩም ደርቋል፤ ያኔም አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ነገር ካለ ውሃውን ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ስሌት የመጀመሪያው «ግኝታችን» ወንጂ ሆነ። የሸንኮራ አገዳው ማሳ በጥርም እንደ ነሐሴ አረንጓዴ ነውና ኮምፒውተሩ «እዚህ ውሃ አለ» ብሎ አበራው። በእርግጥ አለ፤ ከአዋሽ በቦይ የመጣ ነው። የመስኖ ማሳዎቹን አንድ በአንድ በእጅ እየከለልን አወጣናቸው። ግማሽ ቀን ፈጀብን።

የዝናብ መረጃው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የተጠናቀረ ነው፤ ፒክስሉ ግን ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የጥናት ክልላችን 30 በ25 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው ሠላሳ ካሬ ብቻ ደረሰው፤ ካሬዎቹም እርስ በርስ ብዙም አይለያዩም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ከእግራችን ሥር ያለው ውሃ ሁሉ እዚሁ የዘነበ አለመሆኑ ነው። ብዙው በአርሲ ደጋ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጭላሎ አካባቢ ሰርጎ የሚወርድ ነው፤ አዋሽም በመንገዱ ያካፍላል። የዝናቡ ካርታ ሥዕሉን ያሳምራል እንጂ ብዙ አይናገርም። ሆኖም አናወጣውም፤ የሚያነቡት ሰዎች «ዝናብ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም።

ኅዳር 22

ጂ.አይ.ኤስ. የሚማር ሰው ከሚቀበላቸው የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ «ጎድጓዳዎቹን ሙላ» የሚል ነው። በከፍታ መረጃው ላይ ያሉ ትናንሽ ጎድጓዳዎች የመለኪያ ስህተት ናቸው ተብሎ ስለሚታሰብ ሶፍትዌሩ ይደፍናቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ከፒክስል ወደ ፒክስል ሳይቋረጥ ይወርዳል። በጎጃም ደጋ ቢሆን ያስኬዳል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ጎድጓዳው እውነት ነው። እሳተ ገሞራና የምድር ስብራት የሠሯቸው፣ መውጫ የሌላቸው ሜዳዎች አሉ፤ የክረምት ጎርፍ ይገባባቸዋል፣ አይወጣም። አዳማ ራሷ በኮረብታዎች የተከበበች ናት፤ ክረምት ላይ ከዳገቱ ወርዶ አስፋልቱን የሚሞላውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ለማመን ሶፍትዌር አያስፈልገውም። እኛ ውሃ የሚሰርግበትን ቦታ ፍለጋ ወጥተን፣ ኮምፒውተሩ ከሁሉ አስቀድሞ የደፈነው እሱን ነበር።

ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርን። ከሦስት ሜትር በላይ የሚጠልቁትን ጎድጓዳዎች አስቀረንና ትናንሾቹን ብቻ ሞላን። የጅረቱ መረብ ተለወጠ፤ እውነትም ክረምት ላይ ታይተው መሬት ውስጥ የሚጠፉት ጅረቶች አሁን በካርታውም ላይ ይጠፋሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። በወንጂ ሜዳ ላይ ሶፍትዌሩ እንደ ሹሩባ ጎን ለጎን የተጎነጎኑ ቀጥ ያሉ ጅረቶች ሠርቷል። መሬቱ ከመጠን በላይ ጠፍጣፋ ሲሆን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ይፈጥራል። የማያውቁትን መፍጠር የሰውም ጠባይ ነውና ብዙ አልተቆጣሁም፤ አጠፋናቸው።

ታኅሣሥ 3

የዛሬው ሥራ የዚህ ሁሉ ልብ ነው፦ የምድር ስብራቶችን ከምስሉ ለይቶ ማውጣት። በዚህ አካባቢ በብዛት ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፦ ኢግኒምብራይት (የጋለ አመድ ተጣብቆ የጠነከረ ድንጋይ)፣ ባዛልትና ራዮላይት። ከላይ በብዙ ቦታ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ፣ በዝቅተኛው ሜዳ ደግሞ የጥንት ሐይቅ ደለል ለብሷል። ድፍን ኢግኒምብራይት ውሃ አይሰጥም፤ የሚሰጠው የተሰነጠቀው ነው። ስለዚህ ውሃ ፍለጋ ማለት ስንጥቅ ፍለጋ ነው። ደግሞም የምንሠራው ስሙን ከወንጂ በወሰደው፣ ከደቡብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ በሚዘረጋው የስብራት ቀበቶ ላይ ነው፤ በሌላ አነጋገር ስንጥቅ ያጣንበት ቦታ የለም።

ስብራት ከላይ ሲታይ መስመር ስለሚመስል፣ በላንድሳቱ ምስል ላይ መስመሮችን በራሱ የሚያወጣውን ፕሮግራም አስኬድነው። ከ400 በላይ መስመር ወጣ። የእኅቴ ልጅ ከመካከላቸው እጅግ ረጅሙንና ጥርት ያለውን አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይኸው ትልቁ ስብራት!» አጎላነውና አየነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነበር። በዓለም ላይ ለማለፍ ክፍያ የሚጠየቅበት ብቸኛው የምድር ስብራት ብለን ሳቅን። ከጎኑ ያለው ሁለተኛው መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሆነ። ቦዮችና የማሳ ድንበሮች ደግሞ አይቆጠሩም።

ከዚህ ስህተት አንድ ጥሩ ዘዴ አገኘን። የከፍታ መረጃው የ2000 ነው፤ ያኔ የፍጥነት መንገዱም አዲሱ ሐዲድም አልነበሩም። በአዲሱ ምስል ታይቶ በአሮጌው የከፍታ መረጃ የማይታይ መስመር የሰው ሥራ ነው ብለን ጠረጠርነው፤ በሁለቱም የሚታየውን የምድር ነው ብለን ያዝነው። ፍጹም ማጣሪያ አይደለም፤ ትልልቆቹን ሐሰተኞች ግን አወጣ።

ከፍታውን በሰው ሠራሽ ጥላ ስናየው ደግሞ ብርሃኑን ከአራት አቅጣጫ አደረግነው። ከአንድ ወገን ብቻ ቢበራ ከብርሃኑ ጋር ትይዩ የሆነ ስብራት ጥላ ስለማይጥል ይሰወራል። ፕሮግራሞቹ ሳይነኩ ከሰሜን ምዕራብ ያበራሉ፤ ያ ደግሞ የዚህን አካባቢ ዋና ስብራቶች አጉልቶ፣ አቋርጠዋቸው የሚያልፉትን ይደብቃል። ለእኛ የሚያስፈልጉን ግን መገናኛዎቹ ናቸው፤ ሁለት ስብራት በሚቋረጥበት ቦታ ድንጋዩ ይበልጥ ይደቅቃል። በመጨረሻ 112 መስመር ቀረን።

ታኅሣሥ 12

የሥነ ምድር ካርታውን በኮምፒውተር ስንስል ዋልን። «ናዝሬት» የሚለው የድሮው ቅጠል 1 ለ250,000 ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የብዕር መስመር መሬት ላይ 125 ሜትር ትሆናለች። እኛ በ30 ሜትር ፒክስል ድንበር እያሰመርን የምንጠበበው፣ ከመጀመሪያው 125 ሜትር የወፈረን መስመር ተከትለን ነው።

ታኅሣሥ 19

ክብደት የመስጠት ቀን። አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡ ሰባት ካርታዎች፣ ማለትም ሽፋኖች፣ አሉን፦ የድንጋይ ዓይነት፣ የስብራት ጥግግት፣ ተዳፋት፣ የጅረት ጥግግት፣ ዝናብ፣ አፈርና የመሬት አጠቃቀም። የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ሳቲ ባበጀው ዘዴ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ሁለት እያደረግን አነጻጸርን፤ 21 ጥንድ ይሆናል። እኩል ከሆኑ 1፣ አንዱ ሌላውን ፈጽሞ የሚበልጥ ከሆነ 9።

በመጀመሪያ እኔ ብቻዬን ሞላሁት። ዘዴው በመጨረሻ የራስህን አነጋገር ይፈትንሃል፤ «ሀ ከለ ይበልጣል፣ ለ ከሐ ይበልጣል» ካልክ በኋላ «ሐ ከሀ ይበልጣል» ብለህ እንደሆነ ያጋልጥሃል። የሚፈቀደው የመጣረስ መጠን ከ0.10 በታች ነው። የእኔ 0.17 መጣ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስመታ የኖርኩ ሰው ጠዋት የናቅሁትን ተዳፋት ከሰዓት በኋላ አክብሬው ተገኘሁ። የእኅቴ ልጅ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ አስተዳደጓ ጥሩ ነው።

ሁለታችን ሆነን እየተከራከርን ደገምነው፤ 0.06 መጣ። ለድንጋይ ዓይነት 30 በመቶ፣ ለስብራት 24፣ ለተዳፋት 16፣ ለጅረት ጥግግት 11፣ ለዝናብ 8፣ ለአፈር 6፣ ለመሬት አጠቃቀም 5። ይህ 0.06 የሚለው ግን ከራሳችን ጋር እንደተስማማን ብቻ ነው፤ ከመሬቱ ጋር መስማማታችንን አልነገረንም።

ማታ ሽፋኖቹን ደምረን ካርታው ወጣ። አምስት ቀለም፤ ጥቁር ሰማያዊው «እጅግ ከፍተኛ»። በማኅበሩ መሬት ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ በስብራቱ ላይ፣ ረጅም ጥቁር ሰማያዊ ምላስ ተዘርግቷል። ደስ አለኝ። ለሰብሳቢው ስልክ ልደውል ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ተውኩት።

ጥር 4

ገናን አክብረን ወደ ሥራ ተመለስን። ካርታውን ለመፈተን በአካባቢው የተቆፈሩ የ31 ጥልቅ ጉድጓዶች መዝገብ ከአንድ መሥሪያ ቤት አገኘን። ነጥቦቹን ስናስቀምጥ አንዱ ጉድጓድ አዋሽ ወንዝ መሐል ገባ፤ ሌላው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠለጠለ። ካርታችን ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለ። ለሁለት ቀን ክብደቶቹን ስጠራጠር ቆየሁ።

መልሱን ያገኘችው የእኅቴ ልጅ ናት። ከመዝገቡ ውስጥ አንዱ ጉድጓድ የምታውቀው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ነው፤ በባጃጅ ሄዳ በጂፒኤስ ለካችው። ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ መቶ ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ሆነ። ያን ጊዜ ግንባሬን መታሁ። የድሮዎቹ 1 ለ50,000 የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ላይ ነው፤ ጂፒኤስ ግን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ መሬቱ ላይ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። መዝገቡ የትኛው ጉድጓድ በየትኛው እንደተለካ አይልም። በአጥርም በመንገድም እያመሳከርን 24ቱን አስተካከልን፤ ሰባቱን ጣልናቸው።

ከተስተካከሉ በኋላ ጥሩ ውሃ ከሚሰጡት 11 ጉድጓዶች ዘጠኙ በ«ከፍተኛ» እና በ«እጅግ ከፍተኛ» ቀለም ላይ አረፉ። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በመዝገቡ ውስጥ አንድም ደረቅ ጉድጓድ አላገኘሁም። የማኅበሩ ደረቅ ጉድጓድ እንኳ የለም! ውሃ ያወጣ ተመዘገበ፤ ያላወጣ ተደፈነና ተረሳ። ካርታዬን የፈተንኩት ያለፉትን ተማሪዎች ብቻ ጠርቼ ነው። የእነርሱን ደረቅ ጉድጓድ እኔው ጨመርኩት፤ በመካከለኛ ቀለም ላይ ወደቀ። ካርታዬ በግልጽ «አይሆንም» ብሎ ባያስጠነቅቃቸውም፣ «ቆፍሩ» አይላቸውም ነበር።

ጥር 15

ከጥምቀት በኋላ መስክ ወጣን። የአዳማ ነፋስ ካርታውን ሁለት ጊዜ ከእጄ ነጠቀኝ፤ የነፋስ ማመንጫዎቹን ዳገቱ ላይ የተከሉት ሰዎች አልተሳሳቱም።

ጥቁር ሰማያዊው ምላስ ያለበት ቦታ ስንደርስ የማኅበሩ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። ስብራቱ በዓይን ይታያል፤ መሬቱ እንደ ደረጃ ወርዷል። «አባባ፣ እዚህ ብንቆፍር ምን ይላሉ?» አልኳቸው። ዙሪያውን አይተው «ውሃ አለው፤ ግን ልጄ፣ የዚህ ስም ሆራ ነው» አሉኝ። በኦሮምኛ ሆራ ማለት ከብት የሚላሰው፣ ጨው ያለው ውሃ ነው። ቡርቃ ቢባል ምንጭ ነበር፣ ኢላ ቢባል ጉድጓድ። እኔ ከጠፈር የተነሣ ምስል ይዤ ስጨነቅ የቦታው ስም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስሙ በካርታዬ ላይ አልነበረም፤ ስም የሚባል ሽፋን አልከፈትኩም።

ከዚያ ወደ ጎረቤት ግቢ ወሰዱን። በዚሁ ስብራት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ሲወጣ እጅ ይሞቃል፣ ቴርሞሜትሩ 41 ዲግሪ አለ። እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቦኩ እንፋሎትም የሶደሬ ፍል ውሃም የዚሁ የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ናቸው። ሽማግሌው የአንዷን ላም አፍንጫ ይዘው አፏን ከፈቱ። ጥርሷ ቡናማ፣ እኩል ያላለቀ፣ የተሸራረፈ። በሩ ላይ ቆሞ የሚያየን ልጅ ፈገግ ሲል የእርሱንም አየሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው መጠን ማውራት አቆምኩ። ከሦስት ጉድጓድ ናሙና ቀድተን ተመለስን።

ጥር 26

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስን የሚያበላሸው ንጥረ ነገር) ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስብራቱ ላይ ያለው ጉድጓድ 6.2፣ መካከለኛው 3.4፣ ወደ አዋሽ የሚቀርበው 1.3።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ራዮላይቱ፣ ፑሚሱና አመዱ ፍሎራይድ አዝለዋል። ውሃው በእነርሱ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ፣ ሲሞቅም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት እየበዛበት ካልሲየም ያልቅበታል። ፍሎራይድን ይዞ ከውሃው የሚያስቀረው ካልሲየም ነበር፤ እሱ ሲያልቅ ፍሎራይዱ ያለ ከልካይ ይከማቻል። ያ ጥልቅ ስብራት ውሃውን ያመጣልናል፤ ሙቀቱንና መርዙንም በዚያው በር ያስገባል። ስለዚህ ካርታችን በስብራት ምክንያት ከፍ ያለ ነጥብ የሰጠው ቦታ ሁሉ፣ በዚያው ምክንያት የመጥፎ ውሃ ተጠርጣሪ ነው። ስህተቱ የክብደት አይደለም፤ 24 በመቶውን ወደ 40 ባሳድገው ወደ 10 ብቀንሰው አይስተካከልም። የጠየቅነው «ብዙ ውሃ የት ይገኛል» ብለን ነው፤ ካርታውም የመለሰው ለዚያ ነው። ላሞቹ ግን የጠየቁት ሌላ ነበር።

ሁለተኛ ካርታ ጀመርን፦ ከጥልቅ ስብራትና ከራዮላይት ጉብታ ያለው ርቀት፣ ከወንዙ ያለው ቅርበት፣ የተለካ የውሃ ሙቀት፣ የተለካ ፍሎራይድ። ናሙናችን ሦስት ብቻ ስለሆነ በነጥቦቹ መካከል በኮምፒውተር ቀለም መሙላት አልፈቀድኩም። የእኅቴ ልጅ «ባዶ ሆኖ ያስቀይማል» አለች። ይቀየም።

የካቲት 5

ማኅበሩ ስብሰባ ጠራን። ሁለቱን ካርታዎች ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ሰዎቹ ወዲያው ጥቁር ሰማያዊው ላይ አፈጠጡ። «እዚህ ነው እንግዲህ» አለ አንዱ ወጣት። ሽማግሌው መልስ ሰጡልኝ፦ «ጥርስህን ትጠላዋለህ?»

ሐሳብ ያቀረብኩት በምዕራብ በኩል፣ ወደ አዋሽ ያለውን ሁለተኛ ደረጃ ቀለም ነው። ምርቱ ያነሰ ይሆናል፤ ለላሞቹና ለቤት ግን ይበቃል ብዬ እገምታለሁ። ከማኅበሩ ግቢ 900 ሜትር ስለሚርቅ ቧንቧ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ተጨቃጨቁ፤ ልክ ናቸው፣ የቧንቧው ገንዘብ የእነርሱ ነው። ፍሎራይዱን በከሰለ አጥንት ማጣራት እንደሚቻልም ነገርኳቸው። የከብት አጥንት መሆኑን ሲሰሙ ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ ከመቆፈር በፊት በመሣሪያ እንዲለካ ተስማሙ።

የካቲት 13

የኤሌክትሪክ ልኬት ጀመርን። አራት ዘንግ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ በሁለቱ ውጫዊዎች ኃይል እንሰዳለን፣ በሁለቱ ውስጣዊዎች ምላሹን እንለካለን። ውጫዊዎቹን እያራራቅን በሄድን ቁጥር ጠለቅ ያለው ንብርብር ይናገራል። ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ውሃ ነው ብሎ መደሰት ግን አይቻልም፤ ሸክላ አፈርም፣ ትኩስና ጨዋማ ውሃም እንዲያው ነው የሚያነብበው። ለማነጻጸር መጀመሪያ ሆራው ላይ ለካን፤ መሣሪያው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጠ። ካርታውን ብቻ የያዘ ሰው ቢሆን በደስታ ይጨፍር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራቡ ቦታ ተሻገርን። እስከ 60 ሜትር ድረስ ደረቅ ይመስላል፤ ከዚያ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፣ ሆራው ላይ እንደታየው ግን በአንዴ አልወደቀም። የተሰነጠቀ ባዛልትና መልካም ውሃ ሊሆን ይችላል። ጠለቅ ብለን ለማየት ገመዱ በእያንዳንዱ ወገን 100 ሜትር አጠረን፤ ሰኞ እንዋሳለን።

አሥር ሰዓት ላይ ቦቴው መጣ። ላሞቹ ድምፁን ከሩቅ ያውቁታልና ከየግቢው ወጥተው ገመዳችንን እየረገጡ ሮጡ። ጠጥተው እስኪመለሱ ድረስ መለኪያውን አጥፍተን ጥላ ሥር ተቀመጥን።